ተራ አንባቢ ስላነበባቸው መጻሕፍት
(በመካነ ሰላም በተማሪዎች የንባብ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ «በዚህ ዓመት ካነበብኸው ጥቂት ንገረን» ሲለኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱም እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይደለሁም፤ የምማረው ስለ አፈርና ስለ ውሃ ነው። መጽሐፍ የማነበውም ሌላው ካርታ እንደሚጫወት፣ ሌላውም ኳስ እንደሚያይ፣ ጊዜ ሳገኝና መብራት ሲኖር ብቻ ነው። ጸሐፊው ግን «ሊቃውንቱማ ሁልጊዜ ይናገራሉ፤ ተራው አንባቢ ምን እንደሚሰማው ደግሞ እንስማ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ስለዚህ ዛሬ ከእኔ ሂስ አትጠብቁ፤ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው ያየውን ሲያወራ እንደምትሰሙ አድርጋችሁ ስሙኝ።

ንግግሬን በኑዛዜ ልጀምር። «ፍቅር እስከ መቃብርን አንብቤዋለሁ» እያልሁ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ውሸት ነበር። መጽሐፉን የማውቀው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን በስልክ ሰምቼ ነው፤ ያውም ግማሹን። አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስለዚሁ መጽሐፍ ክርክር ተነሥቶ እኔም እንደ አዋቂ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር፣ አንድ ጓደኛዬ ረጋ ብሎ «ለመሆኑ አበጀ በለው ማን ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እኔም በማግሥቱ መጽሐፉን ተውሼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይኸን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከቦረና አፋፍ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ወደ ማዶ ለሚመለከት ሰው የመጽሐፉ አገር ጎጃም ሩቅ አይደለም። እኔ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ባነበብሁት ጊዜ ግን ያገኘሁት ስለ ግብር፣ ስለ መሬትና ስለ ባላባት ትዕቢት ጭምር ነው። አበጀ በለውም ገበሬዎቹን አስተባብሮ ፊታውራሪ መሸሻን እስከ መማረክ የደረሰው ሰው መሆኑን ተረዳሁ። ፍቅሩና የገበሬው ብሶት በአንድ ገመድ የተገመዱ ናቸው፤ አንዱን ብቻ መዝዞ ማውጣት አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ግን ጉዱ ካሣ ነው። እውነት የሚናገር ሰው በመሆኑ እብድ ተባለ። እኛ ዛሬ በክፍል ውስጥ ጉዱ ካሣን የማያወድስ ተማሪ የለንም። ነገር ግን በስብሰባ ላይ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ የማይነገረውን ሲናገር፣ ስንቶቻችን ነን ጫማችንን የምንመለከተው? እኔ ከተመልካቾቹ አንዱ ነኝ። መጽሐፍ አንዳንዴ ሰውን እንዲህ ያሳፍራል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ እየተባለ የሚጠራውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አነበብሁ። ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለው ነው፤ የታተመውም በሮማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። አጭር ስለ ሆነ በሁለት ማታ ያልቃል። የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተተውን ልጅ ታሪክ የሚተርክ ሲሆን፣ ድንገተኛ ግጥጥሞሹ ብዙ በመሆኑ እውነት ነው ብሎ ለመቀበል ያስቸግራል። አማርኛው ግን እንደ ማር ነው። ፈተና ለደከመው ተማሪ መልካም መድኃኒት መሆኑን እመሰክራለሁ።

ለመዝናናት ብዬ የያዝሁት ሌላው መጽሐፍ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ያላነበበው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የጣና ገዳማትንና ዘመናዊውን ሳይንስ በአንድ ላይ ማምጣቱ የልጅነት ሐሳቤን ቀሰቀሰብኝ፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ገጽ አስኬደኝ። ሆኖም እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ሁሉን የሚያውቁና ሁሉን የሚችሉ ሆኑብኝ። እኔ አፈር ቆፍሬ ለክቶ መመዝገብ እንኳ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁና፣ ድካም የሌለበት ሳይንስ ሳነብ እጠራጠራለሁ። ቢሆንም ብዙ ወጣቶችን ወደ ንባብ የመለሰ መጽሐፍ ስለ ሆነ ውለታው አይካድም።

ከትርጉም መጻሕፍት ያነበብሁት «ነገም ሌላ ቀን ነው» የተባለውን ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችውን ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ ተረጐመው። ወረቀት አይገኝም ነበርና የጻፈበት በሲጃራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ነው። ስለ ታሪኩ ብዙ አልልም፤ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ኑሮ እያሳመረ የሚያሳይበት ብዙ ቦታ ስላለው ተጠንቅቆ ማንበብ ያሻል። ነገር ግን ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ የታሪኩ ሰዎች ሳይሆኑ ትንንሾቹ ወረቀቶች ናቸው። እኔ የጽሑፍ ወረቀት ሞልቶልኝ፣ ብዕር ሞልቶልኝ፣ የቤት ሥራዬን ከጓደኛዬ የገለበጥሁባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ።

አሁን ወደ ከበደኝ መጽሐፍ ልመጣ ነው።

አቶ ብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በሚል ስም በሦስት ክፍል ያሳተሙት ልብ ወለድ፣ በመጀመሪያው ክፍል የሚናገረው ስለ እኛው ስለ ወሎ ረሃብ ነው። ይኸውም በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎት ሳለ፣ የዩኒቨርስቲ መምህራን ወሎ ድረስ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ለተማሪዎች እንዳሳዩ ይታወቃል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ገበሬን ለረሃብ የሚዳርገው የዝናብ መቅረት ብቻ ሳይሆን፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚተርፈው ነገር እንዳይኖረው አድርጎ የሚያኖረው ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። አንዱ በልብ ወለድ፣ ሌላው በጥናት አንድ በሽታ ነው የሚመረምሩት።

ለዕረፍት አገር ቤት ስገባ «ማዕበልን» ይዤው ሄድሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ ጥቂት ገጽ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያም፤

«ያኛው ቆላውን ነው የፈጀ። የኛው ሰባ ሰባት ነው» አለች።

እኔ ስለ ሰባ ሰባት በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ፈተናም ወድቆብኝ መልሼአለሁ። በቤታችን ግን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እማማ፣ እስቲ ንገሪኝ» አልኋት።

«ሰው የሚሰደደው እህል ያለቀ ቀን አይምሰልህ፣ ልጄ። ለዘር ያስቀመጠውን አውርዶ የቆላ ቀን ነው። ዘሩን ከበላ በኋላ ቤቱ ምን ያደርግለታል?» አለችኝ። ጥቂት ቆይታም፣ «አባትህ ያን ቆሎ በልቷል» አለች።

አባቴም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ። ቀና ብሎም አላየን፤ ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ ከብቶቹን ሊያይ ወጣ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኔ ስለ ምርጥ ዘር ሦስት ኮርስ ወስጄአለሁ። በአንድ ሄክታር ስንት ኪሎ እንደሚዘራ በቃሌ እነግራችኋለሁ። ዘር ማለት ለገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ የተማርሁት ግን በዚያች ማታ ነው። መጽሐፉ ባይኖር አልጠይቅም ነበር፤ አያቴ ባትኖር ደግሞ መጽሐፉን አንብቤ ዘግቼው እሄድ ነበር። ሁለቱም አስፈለጉ። አያቴ ለእኔ መጽሐፍ ናት፤ ነገር ግን ሁለተኛ እትም የሌላት መጽሐፍ ናት።

ከግጥምም ጥቂት ልበል። በአገራችን በወሎ የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥም የማይጠቅስ ሽማግሌ የለም። አቶ ቦጋለ ተፈሪ በዙ ሰብስበው ያሳተሙትን አነበብሁ። ቃሉ አጭርና ስለታም ነው፤ ወሎዬ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት የሚያዳንቀው መሆኑ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በአፍ የሚኖር ግጥም በየአፉ ያድጋልና፣ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተጨመረው የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ከተማሪ ይጠበቃል። መጠየቅ ማቃለል አይደለም።

በመጨረሻም ያነበብሁት «አርጋኖን» ነው። ለሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ምስጋና ስለ ሆነ ከየዕለቱ ጥቂት ጥቂት አነበብሁ፤ የግዕዙን ጣዕም የአማርኛው ትርጉም ሁሉን ሊይዘው አልቻለም። የደረሱት በዐፄ ዳዊትና በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ስማቸው የሚጠራበት የጋሥጫ ገዳምም ያለው በዚሁ በቦረና ምድር ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ ሳሉ ትምህርት አልገባቸው ብሎ እህል ይፈጩ ነበር። «መጽሐፈ ምሥጢርን» የሚያህል ድርሰት የጻፉት ሊቅ በወጣትነታቸው ደካማ ተማሪ ተብለው ነበር ማለት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ውጤቱ ዝቅ ላለበት ጓደኛዬ ይኸን ነግሬው ነበር፤ «እኔም ወፍጮ ቤት ልግባ?» አለኝ እንጂ አልተጽናናም።

ከዚህ ሳንርቅ ደግሞ መቅደላ አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት አያሌ መጻሕፍት ወደዚያች አምባ አስመጥተው ነበር። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. እርሳቸው ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ አወረደው፤ በደላንታ ሜዳም ጨረታ ተደረገበት። ዛሬ ከ300 በላይ የሚሆኑት መጻሕፍት በለንደን ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1872 አንድ «ክብረ ነገሥት» ተመልሶላቸዋል።

ስለ መቅደላ መጻሕፍት ሲነሣ ሁላችንም እንቆጫለን፤ ቁጭቱም ተገቢ ነው፤ መጠየቃችንንም መተው የለብንም። ነገር ግን «ማዕበልን» በተዋስሁ ጊዜ በመዋሻው ወረቀት ላይ ከእኔ በፊት የሰፈረ ስም አልነበረም። ያን መጽሐፍ ማንም ማርኮ አልወሰደብንም። በዝሆንም አልተጫነም። ከመደርደሪያው ሆኖ እየጠበቀን ነው፤ ያላነበብነው እኛው ነን።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለምኜ ልጨርስ። አንደኛ፣ ከዕረፍት ስንመለስ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ መጽሐፍ ይዘን እንምጣ፤ ማኅበሩ አንድ ሣጥን ያዘጋጅና ተለዋውጠን እናንብብ። ሁለተኛ፣ ያላነበብነውን አንብቤአለሁ አንበል፤ «ገና ነኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ይኸን የምላችሁ ሦስት ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ፣ ያነበባችሁትን ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለአንዲት ባልቴት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የሚሉትንም በደብተራችሁ ጻፉ። አያቴ በዚያች ማታ የነገረችኝን እኔ ጽፌዋለሁ። ለአባቴ ግን ገና አላነበብሁለትም፤ በሚመጣው ዕረፍት እሞክራለሁ።