ስለ ጃዝ ኦርኬስትራ ልምምድ
በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን ዱቦ ላይ የተደረገ ንግግር



ጃዝ ሲባል ሁሉም እንዳሻው የሚነፋው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ነፊው ተራው እስኪደርስ ዝም ብሎ መቍጠር አለበት፤ ያለ ጊዜው አንዲት ድምፅ ቢያወጣ የጓደኞቹን ሁሉ ልፋት ያበላሻል። ብቻውን የሚጫወትበትም ቦታ ቢሆን ተለክቶ የተሰጠው ነው።

የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ ይህን ሙያ በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ፥ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1966 ዓ.ም. ዝነኛው ዱክ ኤሊንግተን ከነኦርኬስትራው አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ አብሮት ነበረ። ይኸው ሰው ግን ከኛ ከወላይታ በስተደቡብ ያሉትን የደራሼ ዋሽንት ነፊዎች ደጋግሞ ያደንቃል። እዚያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ይህ እንግዲህ ኦርኬስትራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ወላጆቻችን ሆይ፥ የሙዚቃ ክበብ ይቋቋምልን ስንል «መሣሪያው ከየት ይመጣል?» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፥ ሳክስፎን ውድ ነው። የቀርከሃ ዋሽንት ግን እኛው እንሠራለን። የምንለምናችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍልና ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።