በምርጫና በምርጫ መካከል
(በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ፣ ቦሌ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የዶርም ጓደኞቼ፣

ከገርጂ እዚህ ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ እኔ ግን ያን ያህል አላቆያችሁም።

ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የአቶ መለስ ዜናዊ አስከሬን ቦሌ ሲገባ ሌሊት ነበር፤ እኔና ባለቤቴም ከሕዝቡ ጋር መንገድ ዳር ቆመን ነበር። በማግስቱ ቁርስ ላይ የስምንት ዓመቷ ልጃችን «አባዬ፣ አሁን ምርጫ ይደረጋል?» አለችኝ። «አይ፣ አይደረግም» አልኳት። ለምን እንደሆነ ግን በቅጡ ማስረዳት አቃተኝ። ዛሬ ያንን ዕዳ ልክፈል።

በሕገ መንግሥታችን እኛ የምንመርጠው የምክር ቤት አባላትን ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ሰው ቢለወጥም ምክር ቤቱ ዘመኑን ይቀጥላል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ምርጫው ገና ግንቦት 2007 ነበር። ዶ/ር ዐቢይ አህመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ሲተኳቸውም ቀጣዩ ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 2013 ነው። እንግሊዞችም በ2022 እ.ኤ.አ. ያለ ጠቅላላ ምርጫ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር አይተዋል።

ለእኛ ከአገባቡ ይልቅ የከበደው አወጣጡ ነው። ስድስት ኪሎ የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የተገደሉት እኛ ደብተር ይዘን በተመላለስንበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ዓመት ሦስት ሰዎች በወንበሩ ላይ ተፈራረቁ፦ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን፣ ልጅ ሚካኤል እምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኅዳር 1967 ያለ ፍርድ ተረሸኑ።

ለዚህ ነው የዩኒቨርሲቲያችን ምሩቅ አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 መልቀቂያ አስገብተው፣ ተተኪያቸው ሲምሉ እዚያው ምክር ቤት ተቀምጠው ሳይ እንባዬ የመጣው። ሰው ከዚያ ወንበር ተነስቶ ቤቱ መግባት ቻለ!

ልጄ ግን አድጋለች፣ በቀላሉ አትረታም። «ታዲያ እናንተ መራጮቹ የት ነበራችሁ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ያኔ የምክር ቤቱ ወንበር በሙሉ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ ስለነበር ነገሩ የተቆረጠው በግንባሩ ስብሰባ ነው፤ እኛ ውጤቱን ከቴሌቪዥን ሰማን።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ የምርጫ ክልላችሁን ተወካይ ስም የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ... አያችሁ? እኔም አላወጣሁም። በምርጫና በምርጫ መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመርጡልን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን እንወቅ፣ እንጠይቃቸው። ለሚቀጥለው ዓመት መገናኛችን የቤት ሥራችን ይሁን፤ መጀመሪያ የምታረመው ልጄ ናት።