ከሃዲው ማን ነው? ስለ ጥርጣሬና ስለ ማስረጃ
በአረቅጥ የተደረገ የሕዝብ ንግግር



በዚህ በአረቅጥ ስለ ልዕለ ጀግኖች ሥዕላዊ ታሪክ ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ሆኖም «ጀምበር»ን የመሰለ የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛ ታትሞ አይተናልና ዘርፉ ከእንግዲህ ባዕድ አይደለም። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሃዲው ያልታወቀበትን ታሪክ ስናነብ ጣታችንን የምንቀስረው በማን ላይ ነው? ለምንስ?

ምሳሌዬ የማርቭል «ኤክስ-ሜን» ነው። የቡድኑ አባላት ልዩ ኃይል ይዘው በመወለዳቸው ኅብረተሰቡ ፈርቶ ያገለላቸው ናቸው። መሥራቻቸውና መምህራቸው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዜቪየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ቢሾፕ የተባለ ገጸ ባሕርይ ከመጪው ዘመን ከባድ ወሬ ይዞ መጣ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከድቶ ሌሎቹን ያስጨርሳል። ማስረጃው ጂን ግሬይ በመጨረሻ ሰዓቷ የተናገረችበት የተበላሸ ቅጂ ነው። የከሃዲው ስም በቅጂው አይሰማም።

ቢሾፕ ጋምቢትን ጠረጠረ። ጋምቢት እ.ኤ.አ. በ1990 በታሪኩ ውስጥ ብቅ ያለ፣ በሌብነት የኖረ፣ ያለፈ ሕይወቱን የሚደብቅ ሰው ነው። በቢሾፕ ዘመን ደግሞ ኤክስ-ሜኖችን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየ፣ «ምስክሩ» የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ቢሾፕ በጋምቢት ፊት ላይ ያንን ሽማግሌ አየ።

ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ሳስነብብ አብዛኞቹ ከቢሾፕ ጋር ይስማማሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ «መጤ ነው»፣ «ሌባ ነበር»፣ «እሱ ብቻ ለምን ተረፈ?» ይሉኛል። ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዱም የክህደት ማስረጃ አይደለም። ተገልለው የኖሩት ጀግኖችም፣ ታሪካቸውን የምናነብ እኛም፣ አዲስ የመጣውን ማግለል አልከበደንም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ምሥጢሩ ሲገለጥ ከሃዲው ዜቪየር ራሱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ክፍል በቁጣ የማግኔቶን አእምሮ በዘጋበት ጊዜ፣ የባላንጣው ጨለማ ከራሱ የታፈነ ቁጣ ጋር ተዋሕዶ ኦንስሎት የተባለውን አጥፊ ኃይል ወልዶ ነበር። ሁሉም የሚያከብረው መምህር ስለነበር ማንም አልመረመረውም።

ነገሩ ከኮሚክ ገጽ አልፎ እኛን ይነካል። «ባንዳ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ በመጀመሪያ ለጣሊያን ያደሩ የአገር ተወላጅ ተዋጊዎች ይጠሩበት ነበር። ዛሬ ሐሳቡ ባልተወደደለት ሰው ላይ ሁሉ ይወረወራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በጥቆማ ብቻ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የተገደሉ ብዙዎች ናቸው። በአንጻሩ የሰባት ቤት ጉራጌ አባቶች በየጆካ ሸንጎ ከሳሽንም ተከሳሽንም ሳይሰሙ አይፈርዱም።

መገመት የንባብ ደስታ ነውና አልከለክላችሁም። ነገር ግን አንድ ሰው በጠረጠራችሁ ቁጥር ይህን ጠይቁ፦ ይኸው ማስረጃ በምወደውና በማከብረው ሰው ላይ ቢቀርብ እቀበለው ነበርን? መልሳችሁ «አይደለም» ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው ጥላቻ እንጂ ማስረጃ አይደለም።