ጣት ከጆሮ ሲማር
ስለ ጎልማሶች የፒያኖ ልምምድና አጨዋወት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ቤት በሸሸ ጊዜ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ከግንዱ ላይ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ስትደርስ ማየቱ ሲነገር የኖረ ታሪክ ነው። ታሪኩ ዘወትር የሚጠቀሰው ትዕግሥትን ለማስተማር ነው። የሙዚቃ ባለሙያ ግን አንድ ጥያቄ ሊጨምርበት ይገባል። ትሏ ስድስቱንም ጊዜ በዚያው መንገድ ወጥታ፣ ከዚያው ቦታ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ሰባተኛው ሙከራ ምን ይረባት ነበር? መደጋገም ብቻውን ልምምድ አይደለም። ስሕተትም በመደጋገም ይጠናል፤ አንድ ጊዜ ከጠና ደግሞ ከትክክሉ ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራል።

ይህ ጥያቄ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ለሚኖር ጎልማሳ ለማጅ ከሌላው ይበልጥ የጠነከረ ነው። ፒያኖ በየቤቱ የሚገኝ መሣሪያ አይደለም፤ ኪቦርድ ያገኘ ሰውም ቢሆን ቀኑን በሥራ፣ ምሽቱን በቤተ ሰብ ጉዳይ ያሳልፋል። ለልምምድ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጎልማሶች «ጊዜው አልፎብናል» ብለው ገና ሳይጀምሩ ይተዉታል። ጉዳዩ ግን የጊዜ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ያለችው ጊዜ በምን ትውላለች የሚለው ነው።

ሾፓን ተማሪዎቹ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳይለማመዱ ይመክር እንደ ነበር ተማሪዎቹ መስክረዋል። ይህን ያለው ሰነፎችን ለማስደሰት አልነበረም። ጆሮ ከደከመ በኋላ ጣት ብቻውን የሚሠራው ሥራ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ስላወቀ ነው። እንግዲህ አንድ ሰዓት ያለው ለማጅ ድርሰቱን ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ከሚያንኳኳው፣ የሚሰናከልባቸውን አራት መስመሮች ለይቶ ቢያወጣ ይሻለዋል። በመጀመሪያ ቀኝ እጁን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራ እጁን ብቻ፣ ስሕተት ለመሥራት በማይቻልበት ዝግታ ይጫወት። ሁለቱን እጆች ሲያገናኝም ፍጥነቱን እንደ ገና ይቀንስ። በተሳሳተ ጊዜ እጁን ከቁልፉ ላይ አንሥቶ ስሕተቱ ከጣት አቀማመጥ፣ ከንባብ ወይስ ከችኮላ እንደ መጣ ይመርምር፤ ምክንያቱን ሳያውቅ አይድገም። አንድን ክፍል በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ከመደጋገም፣ በሰባት ቀን ውስጥ እየተመላለሱ ማየት ይበልጣል፤ እንቅልፍ ራሱ ቀን የተለማመዱትን በአእምሮ ውስጥ የሚያጸና ነውና።

መሣሪያው በሌለበት ሰዓትም ልምምድ አይቋረጥም። የዚህን ማስረጃ ለማግኘት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። የዜማ ቤት ተማሪ ቃሉን የሚቀበለው በቅድሚያ ከመምህሩ አፍ ነው። ሌሊት በጨለማ ያለ መጽሐፍ ይቀጽላል፤ የጎደለውን በማግሥቱ ያቃናል። ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት የሚባሉት ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተደራጁ ይታወቃል። ዜማው ግን ከምልክቱ ይቀድም ነበር። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ዜማውን በጆሮው ላልያዘ ሰው ብቻውን አይዘምርም። የፒያኖ ኖታም እንደዚሁ ነው። በወረቀቱ ላይ «ለስለስ» የሚል ምልክት ይኖር ይሆናል፤ ምን ያህል ለስለስ እንደሚል ግን የሚወስነው ጆሮ ነው። ስለዚህ ለማጁ መንገድ ሲሄድ ዜማውን በልቡ ያዚም፤ ባሱን ለብቻው ያስታውስ፤ ጣቶቹን በጠረጴዛ ላይ ያንቀሳቅስ። በልቡ የጠፋበት ቦታ ፒያኖው ላይም የሚጠፋበት ቦታ ነው።

ከልምምድ ቀጥሎ የሚመጣው የአጨዋወት ስሜት ነው። እዚህ ላይ የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ግድ ይላል። ፒያኖ መዶሻ ክር የሚመታበት መሣሪያ ነው። ድምፁ ከተመታበት ቅጽበት አንሥቶ እየከሰመ ይሄዳል። ማሲንቆ በደጋኑ ድምፅን ሊያሳድግ፣ በጣት ሊያንሸራትት ይችላል፤ ፒያኖ ግን አንዱንም አይችልም። ታዲያ እንዴት ይዘምራል? ባኽ በ1723 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች ባዘጋጃቸው ኢንቬንሽኖች መቅድም ላይ፣ ከዋነኞቹ ዓላማዎቹ አንዱ እንደ ዘፈን የሚያዜም አጨዋወት ማስለመድ መሆኑን ገልጿል። ሾፓንም ተማሪዎቹን ታላላቅ ዘፋኞችን እንዲሰሙ ያሳስባቸው ነበር። ምሥጢሩ በንጽጽር ላይ ነው። አንዱ ድምፅ ከሚቀጥለው ጋር ሲመዛዘን፣ የኋለኛው ከፊተኛው ቅሬታ ተቀብሎ ሲነሣ ጆሮ ያልተቋረጠ መስመር ይሰማል። ዜማውን የያዘው ጣት የክንድ ክብደት ይሰጠው፤ አጃቢዎቹ ይቅለሉ። ፔዳሉም ባሱ ሲለወጥ አብሮ ይታደስ፤ አለዚያ ዜማው በጭጋግ ይዋጣል።

በዚህ ረገድ የዋግ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፣ በከበሮና በጭብጨባ ሲጫወቱ የሰማ ሰው፣ አውራጇ የት እንደምትተነፍስ፣ ተቀባዮቹም በምን ቅጽበት እንደሚገቡ ያውቃል። ያቺ ትንፋሽ በኖታ ላይ አልተጻፈችም፤ ብትዘለል ግን ጨዋታው ይሞታል። ለማጁ የሞዛርትን አዝጋሚ ክፍል ሲያጠና በመጀመሪያ በድምፁ ቢያዜመው፣ ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ሐረጉ የሚያልቅበት መሆኑን ያገኘዋል።

በቅኝቶቻችንም መለማመድ ይቻላል። ከሦስቱ ተከታታይ ጥቁር ቁልፎች የመጀመሪያው ላይ ተነሥቶ አምስቱን ጥቁሮች ብቻ የተከተለ ሰው ሙሉውን ትዝታ አገኘ። ከዶ የተነሣ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። ሬ ቤሞልን ጥቂት ጫን ብሎ፣ ወደ ዶ ሲወርድ ማቅለል፣ ከብዙ ገጽ መልመጃ የበለጠ ስለ ክብደትና ስለ ዕረፍት ያስተምራል። «ፒያኖ ቅኝታችንን ያበላሻል» የሚሉ ወገኖች ያላቸው ሥጋት ግን ከንቱ አይደለም። ፒያኖ ስምንተኛውን ድምፅ በዐሥራ ሁለት እኩል እርምጃዎች የከፈለ ነው፤ የድምፃዊና የማሲንቆ አሰማም በዚያ ልክ አይታጠርም። መፍትሔው መሸሽ ሳይሆን የጎደለውን ማወቅ ነው፤ ጆሮው ከድምፃዊው ዘንድ እየተመለሰ እስከ ታደሰ ድረስ ጣቱ አይሳሳትም።

ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በስዊዘርላንድና በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ተምረው፣ ከዚያም ወደ ግሼን ማርያም ገዳም ገብተው ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በተቀረጹት ሸክላዎቻቸው የሚሰማው አጨዋወት ሁለቱንም ትምህርት በአንድ እጅ የያዘ ነው፤ ምቱ እንደ ንግግር ይዘገያል፣ ይፈጥናል፤ ጌጡ እንደ ዜማ ቤት ርክርክ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ ያ ድምፅ የራሳቸው ብቻ ነበር። ግርማ ይፍራሸዋም በልጅነታቸው ክራር ተጫውተው፣ ፒያኖን ያገኙት በ16 ዓመታቸው፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ሶፍያ ሄደው ተማሩ፤ ዛሬ የሾፓንንና የአገራቸውን ቅኝት በአንድ መድረክ ያሰማሉ። የአውሮፓ ልጅ በአምስት ዓመቱ በሚጀምረው መሣሪያ፣ እርሳቸው በክራር የሠለጠነ ጆሮ ይዘው ዘግይተው ደረሱ፤ መዘግየታቸውም አላገዳቸውም።

ስለ መሣሪያው ጥበቃ አንድ ቃል ብቻ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ በጋው ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በድርቀት ጊዜ የፒያኖ እንጨት ይሸበሸባል፤ የክሩም ውጥረት ይላላል። መሣሪያው ከፀሐይና ከምድጃ አጠገብ ይራቅ፤ በክረምትና በበጋ መለዋወጫ ይቃኝ። ኪቦርድ የሚገዛም ሰው ቁልፉ ክብደት ያለውን ይምረጥ፤ ክብደት የሌለው ቁልፍ ጣትን ያፈጥነዋል እንጂ አያስተምረውም።

ክቡራን አባላት፤ አንድ ጎልማሳ ከልምምድ ሲቀር የሚጎድለው አንድ ተጫዋች ብቻ አይደለም። ዋግ ያሳደገው ጆሮ፣ የሻደይን ትንፋሽና የዜማ ቤቱን ርክርክ የያዘው ጆሮ፣ ወደ ፒያኖው ሳይደርስ ይቀራል። ፒያኖውም በአገሩ እንግዳ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ለማጁ ዛሬ ማታ ያለችውን ግማሽ ሰዓት ይውሰድ፤ አራት መስመር ይምረጥ፤ ቁልፉን ከመንካቱ በፊትም አንድ ጊዜ ያዚመው።