መሬትም ይተነፍሳል

ወገኖች፣ ከከሚሴ አጠገብ ያለውን የጨፋን ረግረግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦርከና ያጠጣዋል፤ በበጋ የኦሮሞውና የአፋሩ ከብት ይሰማራበታል።

ውኃው ግን በወንዝ ብቻ አይሄድም፤ በሣሩ ቅጠል ቀዳዳዎች እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ሣሩም በዚያው ቀዳዳ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ስቦ ምግቡን ይሠራል።

ታዲያ ይህ ይለካል ወይ? አዎን፣ ይለካል። በሳፋ ውኃ አድርገን፣ ከብት እንዳይጠጣው አጥረን፣ በየጠዋቱ በማስመሪያ እንለካው። በአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር ውኃ ጎደለ ማለት 10,000 ሊትር ሄደ ማለት ነው! ሊቃውንት ደግሞ በረጅም ምሰሶ ላይ መሣሪያ ሰቅለው፣ ነፋሱ ሽቅብና ቁልቁል የሚያመላልሰውን እንፋሎትና ካርቦን በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ይመዘግባሉ።

ረግረጉ ቢደርቅ በጭቃው የተከማቸው ብስባሽ ካርቦኑ ወደ አየር ይሄዳል፤ ግጦሹም ይጠፋል። ስለዚህ ማድረቂያ ቦይ ከመቆፈራችን በፊት እንለካ፤ እንመካከር።