ሰርቨር የላከውን መልስ ብራውዘር ስለሚቀበልበት ሁኔታ የተደረገ ንግግር



በጁባ ከተማ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር አለ። «ሀይ» በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን «ጀላባ» ደግሞ ከሰሜን ሱዳን እየወረዱ በደቡቡ አገር ይነግዱ ለነበሩት ሰዎች የተሰጠ ስም ነው። ንግድም ይሁን ምግብ ቤት፣ የሆቴልም ይሁን የግንባታ ሥራ እየሳባቸው ወደ ጁባ የሄዱ ኢትዮጵያውያን አያሌ ናቸው። በዚህ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይዞ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ለምሳሌ ይወሰድ። ታናሽ እኅቱ ደብረ ማርቆስ ሆና የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳለች እንበል። ውጤት በወጣበት ምሽት መብራት ጠፍቶባት የመለያ ቍጥሯን በስልክ ትነግረዋለች፤ እሱም ቍጥሩን በገጹ ላይ ጽፎ አዝራሩን ይጫናል። ገጹ ጥቂት ቆይቶ «ውጤት አልተገኘም» የሚል ቃል ያወጣል። እኅቲቱ «ወንድም ጋሼ፣ ምን ይላል?» ብትለው፣ «የለም ይላል» ከማለት በቀር የሚመልስላት ነገር የለውም።

ሰርቨሩ ግን «የለም» አላለም። ሰርቨር የተባለው መዝገቡን የያዘው በሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ነው፤ ብራውዘር የተባለው ደግሞ በሰውየው ስልክ ውስጥ ሆኖ ጥያቄውን የሚልክና የመጣለትን መልስ ለዓይን እንዲታይ አድርጎ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። በዚያ ምሽት ሰርቨሩ የመለሰው «ሥራ በዝቶብኛል፣ ቆይታችሁ ጠይቁኝ» የሚል ነበር። ገጹን የጻፈው ፕሮግራመር «መዝገቡ ውስጥ የለም» እና «መዝገቡን ለማየት አልተቻለም» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ስለ ጠቀለላቸው ልጅቱ ሌሊቱን ስታለቅስ ታድራለች።

የድሮ ሰው መልእክተኛ በላከ ጊዜ ይህን ልዩነት አያጣውም ነበር። መልእክተኛው «እሺ ብለዋል» ብሎ ቢመለስ አንድ ነገር፣ «አይሆንም ብለዋል» ብሎ ቢመለስ ሌላ ነገር፣ «በር ላይ ሕዝብ ሞልቶ ሳልገባ ቀረሁ» ቢል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጨርሶ ሳይመለስ ከቀረ ግን ላኪው መልእክቱ ይድረስ አይድረስ ማወቅ አይችልም፤ መንገድ ላይ ሲሄድ ይሁን ሲመለስ የቀረው አይታወቅምና።

ኤችቲቲፒ የተባለው የድር መነጋገሪያ ሥርዐት በመጀመሪያው መልኩ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1991፣ ይህን የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። ሰርቨሩ ገጽ ብቻ ይልክ ነበር፤ ገጹ የተጠየቀው ጽሑፍ ይሁን ወይም የስሕተት ማስታወቂያ የሚለየው አንብቦ የሚረዳ ሰው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው የ1.0 ደንብ ላይ ግን በየመልሱ ራስ ሦስት አኃዝ ያለው ቍጥር እንዲቆም ተደረገ። በ2 የሚጀምረው ሥራው መሳካቱን፣ በ3 የሚጀምረው ወደ ሌላ ቦታ መመራቱን፣ በ4 የሚጀምረው ጥፋቱ ከጠያቂው መሆኑን፣ በ5 የሚጀምረው ከሰርቨሩ መሆኑን ይናገራል። ከነዚህ መካከል 404 ለብዙ ሰው የታወቀ ነው፤ የሱቅ ነጋዴውን ያሳዘነው ግን 503 ነበር።

ቍጥሩ ካለ ታዲያ ስሕተቱ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን ሲያወጣ፣ ገጹ ሳይለወጥ ከበስተኋላ ጥያቄ ልኮ መልስ መቀበል የሚያስችል መሣሪያ አብሮ አወጣ። ስሙ ኤክስኤምኤልኤችቲቲፒ ይባል ነበር፤ ለስም አወጣጥ ደንታ የሌለው ሰው የሰየመው ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ፌች የተባለው፣ አጭርና ለመጻፍ የሚቀለው፣ በብራውዘሮች ውስጥ ገባ። ፌች ግን ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ጠባይ አለው። ይኸውም 404ም ይምጣ 500 ወይም 503፣ መልስ እስከ መጣ ድረስ ፌች ነገሩን እንደ ተሳካ አድርጎ ያስረክባል። ተሰናክሏል የሚለው መስመሩ ሲቋረጥና መልስ ጨርሶ ሳይገኝ ሲቀር ነው። የመልሱ ቍጥር ከ200 እስከ 299 ባለው ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ የፕሮግራመሩ ፈንታ ነው። ይህን የዘለለ ሰው የስሕተቱን መልስ እንደ ውጤት ዝርዝር ይመረምረዋል፤ በውስጡ የልጅቱን ስም ያጣል፤ ስላጣም «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል።

የጥያቄው ብዛትም መታሰብ አለበት። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ የተፈታኙ ቍጥር ወደ 900,000 የሚጠጋ ነበር፤ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቀን ተማሪውም ወላጁም ዘመዱም በአንድ ሰዓት ይጠይቃል። መልስ ባጣ ቍጥር በየሴኮንዱ እንደ ገና የሚጠይቅ ገጽ የተጨናነቀውን ሰርቨር ይባስ ያንቀዋል። አስተዋይ ፕሮግራመር መጀመሪያ 2 ሴኮንድ፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 8 እያስጠበቀ ይልካል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱ በየስልኩ ላይ ጥቂት ልዩነት ይጨምርበታል። ሰርቨሩ ራሱ ከ503 ጋር «ከዚህን ያህል ሴኮንድ በኋላ ተመለሱ» የሚል ቃል ልኮ እንደ ሆነም ያንን ያከብራል።

ለጁባ ነዋሪ የመስመሩ ነገር የተለየ ነበር። ከዩጋንዳ ድንበር የተዘረጋው የፋይበር ገመድ ጁባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ብዙው ግንኙነት በሳተላይት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚቆም ሳተላይት አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ወጥተው ሲወርዱ፣ ብርሃን እንኳ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። መስመር ሲዘገይ ደግሞ መልሶች ቅደም ተከተላቸውን ያጣሉ። ነጋዴው የእኅቱን ቍጥር ልኮ፣ ቢዘገይበት የጎረቤቱን ልጅ ቍጥር ቢልክ፣ የሁለተኛው መልስ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ከዚያ የመጀመሪያው ይመጣና በላዩ ላይ ይጻፋል፤ በገጹ ራስ ላይ የጎረቤቱ ልጅ ቍጥር፣ ከሥሩ የእኅቱ ውጤት ይቆማል። ሁለቱም መልሶች እውነተኞች ናቸው፤ ሐሰቱን የሠራው ገጹ ነው። መድኃኒቱ ሁለተኛው ጥያቄ ሲላክ የመጀመሪያውን መሰረዝ፣ ወይም የመጣው መልስ በገጹ ላይ ያለው ቍጥር መሆኑን ሳያመሳክሩ አለመጻፍ ነው።

በገንዘብ ነገር ደግሞ የመልእክተኛው አለመመለስ ዋናው ፈተና ይሆናል። ያው ነጋዴ ለእናቱ ገንዘብ ለመላክ «ላክ» የሚለውን ተጭኖ መልስ ቢያጣ፣ ገንዘቡ ሄዷልን ወይስ አልሄደም? ገጹ «አልተሳካም» ካለው ደግሞ ይጫናል፤ የቀረው መልሱ ብቻ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ውጤት መጠየቅ መቶ ጊዜ ቢደጋገም መዝገቡን አይለውጠውም፤ መክፈል ግን ይለውጠዋል። ስለዚህ በአግባቡ የተሠራ ገጽ ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ልዩ ቍጥር ይሰጣል፤ ክፍያው ሲደገም ያው ቍጥር አብሮ ይሄዳል። ሰርቨሩም ያንን ቍጥር መዝግቦ የሚያመሳክር ሆኖ ከተሠራ፣ ሁለተኛ ሳይከፍል የመጀመሪያውን መልስ ይደግምለታል። ቁጥር ያለው ደረሰኝ የያዘ ገንዘብ ያዥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ ፊደልና ስለ ሰዓትም ጥቂት ይነገር። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ረጅም መልስ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ሲደርስ አንዱ ፊደል ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ካነበበ በስሙ መካከል የተበላሸ ምልክት ይገባል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ የሚሞክር ፕሮግራመር ይህን ጉድለት ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሆናለች። ሰርቨሩ የየትኛው አገር ሰዓት መሆኑን ሳይገልጽ «3 ሰዓት» ብቻ ብሎ ቢልክ፣ የሀይ ጀላባው ሰው አንድ ሰዓት ይስታል።

ይህን ትምህርት በመምህራን ማሠልጠኛ ለማስተማር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በታወቁት ብራውዘሮች ውስጥ ለፕሮግራመር የተዘጋጀ ክፍል አለ፤ በዚያ መስመሩን ሆን ብሎ ማዘግየትና መቁረጥ ይቻላል። ሠልጣኙ የሠራውን ገጽ በፈጣን መስመር ካሳየ በኋላ መምህሩ መስመሩን ያዘግይበት፤ ቀጥሎም ሰርቨሩን 503 ያስመልሰው፤ በመጨረሻም መልሱ ሳይደርስ መስመሩን ይቁረጥበት። በሦስቱም ጊዜ ገጹ ላይ የወጣውን ቃል ሠልጣኙ ጮክ ብሎ ለክፍሉ ያንብብ፤ ሌላው ሠልጣኝ ደግሞ በደብረ ማርቆስ እንዳለችው እኅት ሆኖ በስልክ ይስማው፣ ምን እንደ ተረዳም ይናገር።