የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳምንት

ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር

በኢትዮጵያ ወሬ ለሕዝብ የሚደርስበት መንገድ ከጋዜጣ በፊት ብዙ ዘመን ኖሯል። ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ መካከል አዋጅ ይነገር ነበር፤ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ ይታዘዝ ነበር። ገዢዎችም የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን ግን «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች ይታደል ጀመር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም»፥ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተሉ፤ ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም.፥ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራቸውን ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ነጋሪት መቺ ሆኗል። ሁሉም ነጋሪት በሚመታበት ዘመን፥ አጣርቶ የሚናገር ሰው ማሠልጠን ከመምህር ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለው ሰው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት የአንዲትን የጋዜጠኝነት ተማሪ የአንድ ሳምንት ኑሮ መመልከት ይበቃል። ተማሪቱ በምሳሌ የቀረበች ናት፤ ሆኖም እርሷን የምትመስል ተማሪ በየኮሌጁ አትጠፋም። ከአንዲት ትንሽ ከተማ ወደ አዲስ አበባ መጥታ በተማሪዎች መኖሪያ ከሌሎች ልጃገረዶች ጋራ ትኖራለች እንበል።

ሰኞ ጧት ዜና አጻጻፍ ትማራለች። ማን፥ ምን፥ መቼ፥ የት፥ ለምን፥ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች መምህሯ ይዘረዝራሉ። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እርሷ የምትጽፈው ግን በአማርኛ ነው። የመጀመሪያው ችግር የሚነሣው ከዚህ ነው። በእንግሊዝኛ አንቀጹ ከባለቤቱ ቀጥሎ ስለሚመጣ፥ አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ከመጀመሪያው ያውቃል። በአማርኛ ግን ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። ስድስቱን መልሶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ካጨቀች፥ አንባቢው ነገሩ መደረጉን ወይም አለመደረጉን ሳያውቅ አምስት መስመር ይጓዛል። ስለዚህ መጽሐፉን እንዳለ መገልበጥ አይጠቅማትም፤ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠርና አንቀጹን ማቅረብ ይኖርባታል። ይህን ከባዕድ መጽሐፍ አታገኘውም፤ ሊያስተምራት የሚችለው የአማርኛን ጠባይ የሚያውቅ መምህር ብቻ ነው።

ማክሰኞ ከቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውስጥ ቆይታ የቆዩ ጋዜጦችን ታገላብጣለች። የታዘዘችውም የታሪክ ቀኖችን ከውጭ መጻሕፍት ጋራ እንድታስተያይ ነው። እንደ ቀላል ሥራ የጀመረችው ነገር ወዲያው ያስቸግራታል። የውጭው መጽሐፍ የዓድዋ ጦርነት በ1896 መደረጉን ይናገራል፤ እርሷም 7 ቀንሳ 1889 ብላ ትጽፋለች። ጦርነቱ የተደረገው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም መባቻ እስከ አውሮፓውያን አዲስ ዓመት ድረስ 7፥ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው፤ በውጭ አገር ወሬ ጧት ስምንት ሰዓት የተባለው በኢትዮጵያ አነጋገር ሁለት ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ ጋዜጠኛ አንድም ቃል ሳይዋሽ ሐሰት ያወራል።

ረቡዕ ስለ ጤፍ ዋጋ ለመጻፍ መርካቶ፥ እህል በረንዳ ትወርዳለች። አንድ ነጋዴ ዋጋው ከባለፈው ሳምንት በጣም መጨመሩን ይነግሯታል። ሌላው ደግሞ «ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም» ይሏታል። ተሸካሚው «ዞር በይ» እያለ፥ የጭነት መኪናው ጡሩምባ እየጮኸ ሁለቱንም በደብተሯ መዝግባ ትመለሳለች።

ሐሙስ በድምፅ ክፍል ዜና ማንበብ ትለማመዳለች። በዚህም ሌላ ትምህርት ያጋጥማታል። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ይመታል» የሚለው ቃል ሲላላ መቺውን፥ ሲጠብቅ ተመቺውን ያመለክታል። ጽሑፉን አስቀድማ ያላነበበች ተማሪ በማይክሮፎን ፊት በዳዩን ተበዳይ አድርጋ ልታሰማ ትችላለች። ከሰዓት በኋላም የሕግ ትምህርት አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል፤ በዚያው አንቀጽ የሰው ክብርና መልካም ስም እንዲጠበቅ በሕግ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። መብቱና ኃላፊነቱ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ተማሪቱ ታስተውላለች።

የሳምንቱ ፈተና የሚመጣው ዓርብ ነው። የዜናው ጽሑፍ በ11 ሰዓት መግባት አለበት። የታሪኩም ጽሑፍ፥ የሕጉም ጥያቄ መልስ፥ የድምፁም ሥራ ለዚያው ቀን ታዝዘዋል፤ እያንዳንዱ መምህር ያዘዘው ሥራ ብቸኛ የሆነ ይመስለዋልና። በስድስት ሰዓት የዜናዋን ጽሑፍ ስትመረምር የሁለቱ ነጋዴዎች ቃል እንደማይስማማ ታያለች። «የጤፍ ዋጋ ናረ» ብላ ብትጽፍ ርእሱ ያማረ ይሆናል፤ የሚጠይቃትም የለም። ወደ ገበያው ብትመለስ ግን ሰዓቱ ያልፋል።

ልቧ እሺ ስላላላት ወደ ገበያው ተመልሳ፥ «ጋሼ፥ ረቡዕ ዋጋውን የነገሩኝ የየትኛውን ጤፍ ነበር?» ብላ የመጀመሪያውን ነጋዴ ትጠይቃለች።

«የማኛውን ነዋ፥ ልጄ! ሰርገኛውንማ መች ጠየቅሽኝና?»

ሁለተኛው ነጋዴም የተናገሩት ስለ ሰርገኛው መሆኑን ትረዳለች። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የጎደለው የእርሷ ጥያቄ ነበር። «ጤፍ» ብላ በደፈናው ብትጽፍ ኖሮ፥ ሰርገኛ የሚገዛው ድኻ ያልተወደደውን እህል ተወደደ ብሎ በደነገጠ ነበር፤ ወሬው ራሱ ዋጋውን ባስወደደም ነበር። ጽሑፏ ከታሰበው አነሰ፤ እውነት ግን ሆነ። ለመምህሯ የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ነገሩ ከተማሪቱ እጅ ወጥቶ ወደ መምህሩ እጅ የሚገባው በዚህ ሰዓት ነው። መምህሩ ዘግይቷል ብሎ ጽሑፉን ሳያነብ ቢጥለው፥ ተማሪቱ በሚመጣው ሳምንት ወደ ገበያ አትመለስም፤ ባማረ ርእስ ሰዓቱን ታከብራለች። ሰዓቱን እንደ ምንም ቆጥሮ ቢያልፋትም፥ ማተሚያ ቤት ማንንም እንደማይጠብቅ ሳትማር ትቀራለች። የሚሻለው ስለ መዘግየቷ ነጥብ መቀነስ፥ ተመልሳ ስለ መጠየቋ ነጥብ መስጠት፥ የሁለቱንም ምክንያት በክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ፊት መግለጽ ነው። ተማሪ የሚከተለው መምህሩ ያመሰገነውን እንጂ መምህሩ የሰበከውን አይደለም።

ከዚህ በላይ መምህራኑ ለራሳቸው የሚያስቡት ነገር አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለተማሪዎች ዘወትር ይነገራል፤ ነገር ግን አራት መምህራን አራት ሥራ ለአንድ ቀን ሲያዝዙ የሚያስቸኩሏት እነርሱ ናቸው። ጊዜ ያጣ ተማሪ ከጓደኛው ይገለብጣል፤ ዛሬማ ከስልኩ ያለ ድካም ይገለብጣል። መገልበጥን የለመደ ወጣት ጋዜጠኛ በሆነ ጊዜ የሰማውን ሁሉ ሳያጣራ ያወራል። ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ መምህራን ተሰብስበው የሥራ ማስገቢያ ቀኖችን ቢከፋፈሉ፥ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ብዙ ጥፋት ይቀራል።

ይህም ለኮሌጅ ብቻ የተተወ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አለ፤ የግድግዳ ጋዜጣም ይለጠፋል። በጧት ሰልፍ ወሬ የሚያነብ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ይህን ማን ነገረህ? ሌላስ ሰው ጠይቀሃል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሙያው ያን ጊዜ ይጀምራል። ልጁ ጋዜጠኛ ባይሆን እንኳ ዳኛ፥ ሐኪም ወይም ነጋዴ ይሆናል፤ አጣርቶ መናገር የማያስፈልገው ሥራ የለም።

ቅዳሜ ተማሪቱ ልብሷን ታጥባለች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለእናቷ ትደውላለች። ሰኞ ሌላ ሳምንት ይጠብቃታል። ያ ሳምንት የመገልበጥ ወይም የመጠየቅ ሳምንት እንዲሆን የሚያደርገው ከሞላ ጎደል የመምህራኖቿ አሠራር ነው። እንግዲህ መምህራን ለሚያዝዙት ሥራ ልክ፥ ለሚያመሰግኑትም ነገር ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ነገ ሕዝብ የሚሰማው ወሬ ዛሬ በእነርሱ ክፍል ውስጥ እየተማረ ነውና።